የማዶ ዋንጫና የአገር ቤት ትኬት

(በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የውድድር ኃላፊ በወይዘሮ ፀዳለ ቢሮ፤ የድንበር ከተማዋ የኤላ ዲማ ክለብ ሊቀ መንበር፣ ቀድሞም የፀዳለ የጂኦግራፊ መምህር የነበሩት አቶ ጉዮ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከተቀመጡ ቆይተዋል።)

ጉዮ፦ ወይ የአፍሪካውን ውድድር ትኬት ስጪኝ፣ ወይ የክለቤን መልቀቂያ ስጪኝ። ሁለቱንም ከልክለሽ ሻይ ብቻ መጋበዝ ደግነት አይደለም።

ፀዳለ፦ ሻዩንም አልጠጡትም፣ መምህር።

ጉዮ፦ ስኳር የለውም።

ፀዳለ፦ ስኳሩ አጠገብዎ ነው።

ጉዮ፦ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ዋናው ጉዳይ ይጣፍጥ።

ፀዳለ፦ ዋናው ጉዳይ ደንብ ነው። ደንብ ላይ ስኳር አይሟሟም።

ጉዮ፦ እንግዲያው እንደ ሰው አስረጂኝ። ስድስት ዓመት በማዶ ሊግ ተጫወትን። ለምን? ከኤላ ዲማ እስከ ቅርቡ የአገራችን ሊግ ሜዳ ድረስ አንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው፤ የጎረቤት አገሩ ሜዳ ግን ከኬላው አልፎ በእግር ይደረሳል። የፈቀዳችሁልን እናንተ፣ የተቀበሉን እነሱ። ዘንድሮ ሊጉን እየመራን ነው። እሑድ በሜዳችን ከሁለተኛው ክለብ ጋር አቻ ብንወጣ ዋንጫው የእኛ ነው። እስከዚህ ስሕተት አለው?

ፀዳለ፦ የለውም። እንኳን ደስ ያለዎ ለማለት እሑድን እየጠበቅሁ ነው።

ጉዮ፦ የማዶ ሰዎችስ ምን አሉ? ዋንጫውን ውሰዱ፣ ወደ አፍሪካ መድረክ የሚሄደው ግን ሁለተኛ የወጣው ነው።

ፀዳለ፦ ልክ ናቸው። የአንድ አገር ውክልና የሚሰጠው የዚያ አገር ፌዴሬሽን አባል ለሆነ ክለብ ነው፤ በሰንጠረዡ አናት ላይ ለተገኘ ሁሉ አይደለም። ክለብዎ የእኛ አባል ነው። ማዶ ይጫወታል፣ ማዶን ግን አይወክልም።

ጉዮ፦ አንቺስ ምን አልሽኝ?

ፀዳለ፦ የእኛን ሊግ ሻምፒዮንነት የሚወስደው በእኛ ሊግ የተጫወተ ነው አልሁ።

ጉዮ፦ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንን ማለት ነዋ።

ፀዳለ፦ አልሆናችሁም። ሁለት ጉድጓድ ያላት አይጥ አትሞትም ይባላል፤ ለእናንተም ሁለተኛው ጉድጓድ ተምሷል። ፈቃዱ ሲሰጣችሁ በግልጽ ተነግሯችኋል። ሊጉን ማዶ ተጫወቱ፤ ወደ አፍሪካ የምትወጡበት በር ግን የአገር ቤቱ ጥሎ ማለፍ ነው። የጥሎ ማለፉን ዋንጫ ያነሳ፣ ሊጉን የትም ይጫወት የት፣ አገሩን ይወክላል።

ጉዮ፦ እኛስ እስከ ፍጻሜ አልደረስንም?

ፀዳለ፦ እስከ ፍጻሜ ደርሳችኋል። ያልደረሳችሁት ሜዳው ላይ ነው።

ጉዮ፦ እሱን ነገር አታንሺው።

ፀዳለ፦ የመጡት ስለ እሱ ነው።

ጉዮ፦ ለቅሶ ነበረብን።

ፀዳለ፦ ለቅሶው የተጋጣሚያችሁ ነው። የሞቱት የጮራ ክለብ መሥራች አቶ ደግፌ ናቸው። ሐዘንተኛው ጮራ ሜዳ ገባ፤ ሐዘን የሌለባችሁ እናንተ ድንኳን ገባችሁ።

ጉዮ፦ አሁን የተናገርሽውን ራስሽ ስሚው። የትኛው ነው የሚያሳፍረው?

ፀዳለ፦ ደንቡ ኀፍረት አይቆጥርም። የሚቆጥረው ሰዓት ነው።

ጉዮ፦ እኔ ልንገርሽ። ዕጣው ፍጻሜውን የጮራ ሜዳ ላይ ጣለው፤ እሺ ብለን በቀደም ሄድን። ከአውቶቡስ ስንወርድ ከተማው ጭር ብሏል። አንድ ባለ ሱቅ ብጠይቅ «አቶ ደግፌ ትናንት ማታ አረፉ» አለኝ። የክለቡ አባት! አባት ሞቶ ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ ብዬ በየትኛው ጭንቅላቴ ላስብ? ሜዳው የት ነው አላልሁም፤ ድንኳኑ የት ነው አልሁ። ልጆቹን አሰልፌ ገባን፤ አምበላችን ከፊት፣ በረኛችን ከኋላ።

ፀዳለ፦ በቱታ?

ጉዮ፦ በቱታ። ነጠላ የነበረው አሠልጣኙ ብቻ ነው።

ፀዳለ፦ አንድ ስልክ መደወል አይቻልም ነበር?

ጉዮ፦ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ስልክ ላወራ? እናትሽ እንዳይሰሙሽ።

ፀዳለ፦ የጨዋታው ኮሚሽነር ደጋግመው ደውለዋል።

ጉዮ፦ ዘግቼዋለሁ። ደግሞስ ኮሚሽነሩ አስተዋይ ቢሆኑ ኖሮ፣ ሜዳው ላይ ሰው ሲያጡ የት እንደሚፈለግ አይጠፋቸውም ነበር። የከተማው ሰው ሁሉ እዚያ ነው።

ፀዳለ፦ ከጮራ ተጫዋቾች በቀር።

ጉዮ፦ ከጮራ ተጫዋቾች በቀር። እኔማ መቃብር እያስቆፈሩ ነው ብዬ አዘንሁላቸው። ሣር ላይ ቆመው እኛን ይጠብቃሉ ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ፀዳለ፦ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ነበር። የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎትም አድርሰዋል።

ጉዮ፦ አንድ ደቂቃ! እኛ አገር ላም ስትሞትም ከዚያ በላይ ይቆዘማል።

ፀዳለ፦ ዳኛው የተፈቀደውን ያህል ጠበቁ። ከዚያ ፊሽካ ነፉ፤ ፎርፌ ሆነ፤ ዋንጫው ለጮራ ተሰጠ።

ጉዮ፦ ይህንንም ፍርድ ትዪዋለሽ?

ፀዳለ፦ ውጤት እለዋለሁ።

ጉዮ፦ «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ብዬ ነበር ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። ውሃውም አልጎደለ፣ ዳኛም አልተገኘ። እኔ ደግሞ ያቺን ልጅ ያስተማርኋት እኔ ነኝ እያልሁ በየሄድሁበት ስኮራ!

ፀዳለ፦ በጂኦግራፊ ስልሳ ሁለት ነው የሰጡኝ።

ጉዮ፦ ድንበሩን አጣመሽ ሳልሽዋ! የአክስትሽን ቤት ማዶ አደረግሽው።

ፀዳለ፦ የአክስቴ ቤት ማዶ ነው።

ጉዮ፦ ጓሮው ማዶ ነው። ቤቱ እዚህ ነው።

ፀዳለ፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጉዮ፦ ጉዳያችን እኮ ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ልጅ በጉዲፈቻ ሲወሰድ ከአብራክ እንደ ወጣ ይቆጠራል። ስም ይወርሳል፣ ከብት ይወርሳል። «ይህ የእገሌ ልጅ ነበር» ብሎ የለየው ሰው ነውረኛ ይባላል። ማዶ ወሰደን፣ አሳደገን፣ አጎረሰን። ውርስ ሲመጣ «አባትህ ዘንድ ሂድ» አለን። አባታችን ዘንድ ስንመጣ ደግሞ «ያሳደገህ ዘንድ ሂድ»።

ፀዳለ፦ በጉዲፈቻ አልሰጠናችሁም፣ መምህር። ትምህርት ቤቱ ስለሚቀርባችሁ አክስታችሁ ቤት አስቀመጥናችሁ።

ጉዮ፦ ይህችን መልስ ደግሞ ከየት አመጣሻት?

ፀዳለ፦ ከዚያው፤ ከኤላ ዲማ።

ጉዮ፦ መልካም። እንግዲያው አክስታችን «ልጄ ሁኑ» ብላናለች። የማዶ ፌዴሬሽን አባል ከሆናችሁ ከርሞ ትኬቱን ማንም አይቀማችሁም ብለው ልከውብኛል። መልቀቂያ የምልሽ ለዚህ ነው።

ፀዳለ፦ ወደ አገር ቤቱ ሊግ መመለስም ይቻላል። ያን ጊዜ ሁለቱም በሮች ይከፈታሉ።

ጉዮ፦ በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ቀን አውቶቡስ ላይ? ልጆቹ ተጫዋችነታቸው ቀርቶ ተሳፋሪ ይሆናሉ። ይልቅ ፈርሚልኝ።

ፀዳለ፦ ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ለማወቅ ያህል ነው።

ጉዮ፦ ጠይቂ።

ፀዳለ፦ ክለብዎ የማዶ ሲሆን ተጫዋቾችዎ የየት ይሆናሉ?

ጉዮ፦ የኤላ ዲማ ናቸዋ።

ፀዳለ፦ ለማዶ ደንብ ኤላ ዲማ ውጭ አገር ነው። አንድ የማዶ ክለብ ከአምስት በላይ የውጭ ተጫዋች አያሰልፍም። እስከ ዛሬ ልጆችዎ ሁሉ የተፈቀዱት ክለቡ ራሱ የውጭ ስለሆነ ነው።

ጉዮ፦ አምስት?

ፀዳለ፦ በረኛውን ጨምሮ።

ጉዮ፦ የቀሩትን ከየት ላመጣ ነው?

ፀዳለ፦ ከማዶ።

ጉዮ፦ ማዶ ያሉት እኮ የእነዚሁ ልጆች የአክስት ልጆች ናቸው!

ፀዳለ፦ የአክስት ልጆቹ ይሰለፋሉ፤ የአጎት ልጆቹ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ደንቡን የጻፉት እነሱ ናቸው።

ጉዮ፦ በልጅነትሽ እንዲህ ክፉ አልነበርሽም።

ፀዳለ፦ ስልሳ ሁለት ያገኘሁ ዕለት ጀመረኝ።

ጉዮ፦ ይሁን፤ አምስትም ቢሆኑ ከርሞ አፍሪካ መድረክ ላይ እንቆማለን።

ፀዳለ፦ ከርሞ አትቆሙም። ፌዴሬሽን የለወጠ ክለብ ሁለት የውድድር ዘመን ሳይሞላው በአህጉራዊ ውድድር አይሳተፍም። ይህን አልነገሩዎትም?

ጉዮ፦ ከርሞ ነው ያሉኝ።

ፀዳለ፦ ለማባበል የሚቸኩል ሰው ዓመት ሲቆጥር ይሳሳታል።

ጉዮ፦ ልሂድ ስልሽ መግቢያ የለህም፣ ልቆይ ስልሽ መቀመጫ የለህም። አንቺ ቆዩ ነው ወይስ ሂዱ ነው የምትይን?

ፀዳለ፦ ቆዩም አላልሁ፤ ሂዱም አላልሁ።

ጉዮ፦ የእኔም ቅሬታ እሱ ነው እኮ! በስድስት ዓመት አንድ ሰው ከዚህ ሕንፃ ደውሎ «እንዴት ሰነበታችሁ» ብሎን አያውቅም። ማዶ ስንሸነፍ ደውለው ያጽናኑናል። እናንተ ስናሸንፍም ዝም፣ ስንሸነፍም ዝም።

ፀዳለ፦ ውጤታችሁን በየሳምንቱ አያለሁ።

ጉዮ፦ አይቶ ዝም ማለት ምን ይባላል?

ፀዳለ፦ «የኤላ ዲማ ልጅ ለኤላ ዲማ ታደላለች» እንዳይባል ነው። እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥሁ ጀምሮ የክለቡን ስም ከሚያስፈልገው በላይ ጠርቼ አላውቅም።

ጉዮ፦ ይህንን ለእናትሽ ነግረሻቸዋል?

ፀዳለ፦ እናቴ ስለ ኳስ አታነጋግረኝም። ተቀይማኛለች።

ጉዮ፦ እውነታቸውን ነው።

ፀዳለ፦ መምህር፣ የመልቀቂያው ጥያቄ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እስካለ ድረስ ከእርስዎ ጋር ልነጋገርበት የማልችለው ነገር አለ።

ጉዮ፦ ምን ነገር?

ፀዳለ፦ ልነጋገርበት አልችልም አልሁ።

ጉዮ፦ ፍንጩን ብቻ።

ፀዳለ፦ ፍንጭም መነጋገር ነው።

ጉዮ፦ ጥያቄውን ከጠረጴዛው ላይ ባነሳ ምን አገኛለሁ?

ፀዳለ፦ ይህን ያገኛሉ ብዬ ቢያነሱት እኔ አባበልሁ ይባላል። ምንም ሳልልዎት ካነሱት ግን እርስዎ በፈቃድዎ አነሱት።

ጉዮ፦ ዐይንህን ጨፍነህ ዝለል ነው የምትይኝ።

ፀዳለ፦ ምንም አላልሁም። ሻይዎ ቀዝቅዟል፤ ሌላ ላስመጣልዎ?

ጉዮ፦ ሻዩን ተይው። ያሉኝ አሥራ ስምንት ልጆች ናቸው። አምስቱን ይዤ ብሻገር የቀሩትን ምን ብዬ ወደየቤታቸው እመልሳለሁ? «እናንተ የአጎት ልጆች ናችሁ» ልበላቸው? እንኳን ሁለት ዓመት ተጠብቆ፣ ነገም ቢሆን አላደርገውም። በቃ፤ ጥያቄውን ትቻለሁ።

ፀዳለ፦ ሙሉውን ይናገሩት።

ጉዮ፦ እኔ ጉዮ ሀለኬ፣ የኤላ ዲማ ክለብ ሊቀ መንበር፣ የመልቀቂያ ጥያቄዬን ማንም ሳያስገድደኝ ስቤያለሁ። በጣትም ልፈርም?

ፀዳለ፦ ጣት አያስፈልግም፤ እዚህ ላይ ይፈርሙ። አመሰግናለሁ። አሁን መናገር እችላለሁ።

ጉዮ፦ ተናገሪ፤ ልቤን አታንጠልጥዪው።

ፀዳለ፦ ፎርፌ የሚሻረው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ አሸናፊ የተባለው ክለብ ራሱ ጨዋታው ይካሄድ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው ክለብ ደግሞ በአባልነቱ የጸና ሲሆን። ጮራ ትናንት ጠይቋል።

ጉዮ፦ ጮራ? ዋንጫውን በእጁ ይዞ?

ፀዳለ፦ ይዞ ነው የተቸገረው። ተጫዋቾቹ ዋንጫውን ለሟች ባለቤት ለወይዘሮ በለጡ ሊያሳዩ ቤታቸው ሄደው ነበር። ከበር መለሷቸው። «ባሌ ሲሞት ድንኳኔ ውስጥ ቱታ የለበሱ ልጆች አይቻለሁ፤ የእናንተን ፊት ግን አላየሁም። እነዚያ ልጆች እኔን ሲያጽናኑ የወሰዳችሁት ዕቃ ደጄን አይረግጥም» አሉ።

ጉዮ፦ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት መሆን የነበረባቸው እሳቸው ናቸው።

ፀዳለ፦ ይህን ለፕሬዚዳንቱ አላስተላልፍም።

ጉዮ፦ ፀዳለ፣ ልጄ! ተባረኪ! መቼ ነው የምንጫወተው?

ፀዳለ፦ አሁን ሻይዎን ይጠጡ።

ጉዮ፦ መቼ ነው?

ፀዳለ፦ የወካይ ክለቦቻችንን ስም ለአህጉራዊው ኮንፌዴሬሽን የምናሳውቅበት የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነው። ስለዚህ ጨዋታው እሑድ እዚሁ አዲስ አበባ ይካሄዳል።

ጉዮ፦ የትኛው እሑድ?

ፀዳለ፦ ይኸው የሚመጣው።

ጉዮ፦ ይኸው የሚመጣው እሑድ እኮ የማዶ ሊግ የመጨረሻ ጨዋታ ኤላ ዲማ ላይ አለብን። አቻ ብቻ ነው የቀረን። ለድግሱ በሬው ታስሯል!

ፀዳለ፦ አውቃለሁ።

ጉዮ፦ ማዶ ቀን ይለውጥልን።

ፀዳለ፦ ጠይቄያለሁ። የመጨረሻው ዙር ጨዋታዎች ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ነው የሚካሄዱት፤ ለአንድ ክለብ ብለን አንነካውም አሉ። የእኛም ደንብ ያው ስለሆነ የምከራከርበት አፍ አጣሁ።

ጉዮ፦ የእኛን ቅዳሜ አድርጊው።

ፀዳለ፦ ቅዳሜ የአቶ ደግፌ የሰባት ቀን ተዝካር ነው። የጮራ ተጫዋቾች ድንኳን ውስጥ ይውላሉ። ወይዘሮ በለጡ ይቅር ያሏቸው በዚህ ነው።

ጉዮ፦ ይህንንስ እኔም አልነካውም። እንግዲያው ልጆቹን ልክፈላቸው፤ ዘጠኙ እዚህ፣ ዘጠኙ እዚያ።

ፀዳለ፦ ሰባት ሰው ካለ ጨዋታ ይጀመራል። ደንቡ ይፈቅዳል።

ጉዮ፦ እኔ ቀልዴን ነበር።

ፀዳለ፦ እኔ አልቀለድሁም። ያላችሁ በረኛ ግን አንድ ነው።

ጉዮ፦ አንድ ነው። እሱም ለሁለት አይከፈል። ኤላ ዲማ ላይ ባንቀርብስ?

ፀዳለ፦ ፎርፌ ነው። ሁለተኛው ክለብ በነጥብ ይበልጣችኋል፤ ትኬቱ ቀድሞውኑ የእሱ ነበር፣ አሁን ዋንጫውንም ይጨምራል።

ጉዮ፦ እዚህ ባንቀርብስ?

ፀዳለ፦ የማዶን ዋንጫ ታነሳላችሁ። የትም አያደርስም፤ ግን ዋንጫ ነው፣ በእጅ ይያዛል።

ጉዮ፦ እዚህ ቀርበን ብንሸነፍስ?

ፀዳለ፦ ያን ጊዜ ስለ ጎመኑ የተናገሩት ልክ ይሆናል።

ጉዮ፦ «ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲሉኝ ይሰማኛል፤ አሁን፣ በዚህ ጆሮዬ። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም፣ ልጄ።

ፀዳለ፦ የብብትዎ ነገር የሚያምር ነው። ቆጡ ላይ ያለው ደግሞ ስድስት ዓመት የተጠበቀው ነው። እኔ የማመዛዝነው አይደለም።

ጉዮ፦ ጮራን እናሸንፋለን ብለሽ ታስቢያለሽ?

ፀዳለ፦ የውድድር ኃላፊ አታስብም።

ጉዮ፦ የኤላ ዲማ ልጅስ?

ፀዳለ፦ የኤላ ዲማ ልጅ ማዶ ያደረጋችሁትን ጨዋታ ሁሉ በስልኳ አይታለች፤ ድምፁን አጥፍታ። ጮራንም አይታለች። በግራ በኩል ያለው ተከላካያቸው ለመዞር ጊዜ ይፈጅበታል። ይህን አልተናገርሁም።

ጉዮ፦ አልሰማሁም። ከተማውን ግን ምን ልበለው? ሴቶቹ ልብስ አሰፍተዋል። ሽማግሌዎቹ የሚመርቁትን ምርቃት እየተለማመዱ ነው። «የምታዩት ዋንጫ ቀርቷል፤ የማታዩት ትኬት ምናልባት ይመጣል» ልበል?

ፀዳለ፦ ምን እንደሚባል አላውቅም፣ መምህር። እኔም የምሰማው እዚያው ቆሜ ነው። እሑድ ፌዴሬሽኑን ወክዬ፣ ከማዶ ሰዎች ጋር ሆኜ የሊጋቸውን ዋንጫ እንድሰጥ ተመድቤያለሁ፤ አሸናፊው ማንም ይሁን ማን።

ጉዮ፦ ኤላ ዲማ? አንቺ? እናትሽ ፊት?

ፀዳለ፦ እናቴ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ወንበር ይዛለች ተብያለሁ።

ጉዮ፦ ከጎንሽ ማን ይቆማል?

ፀዳለ፦ በደንቡ የባለሜዳው ክለብ ሊቀ መንበር።

ጉዮ፦ መልሱን መቼ ነው የምትፈልጊው?

ፀዳለ፦ አሁን። የጮራ አሠልጣኝ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው።

ጉዮ፦ እንግዲያው ስሚኝ። ዋንጫውን ለሁለተኛው ክለብ ስትሰጪ ፊትሽን አታጥቁሪ፤ እንግዶች ናቸው፣ ከበሬውም ሳይበሉ እንዳይሄዱ። ሊቀ መንበሩ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅሽ ካለ ደግሞ፣ እናትሽም ይሁኑ ሌላ፣ ይቅርታ ጠይቂልኝና ጨዋታ አለበት በዪልኝ።